ለጦር ሜዳ የሚሆን ሰውነት፦ ሩጫ፣ ብረት፣ ሰርኪት ወይስ ጭነት?

አሜሪካ ጦር ለመግባት ፈርመው የመሄጃ ቀናቸውን የሚጠብቁ የሐበሻ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። እስከዚያ ምን ልሥራ? መልሱ እንደ መላሹ ነው። አጎት "ሩጥ፣ ሌላው ትርፍ ነው" ይላል። ጂም የሚውል ጓደኛ "ብረት ካላነሳህ አይሆንም" ይላል። ስልካችን በሃያ ደቂቃ ላብ በላብ የሚያደርግ ሰርኪት፣ ማለትም የተለያየ እንቅስቃሴ ያለ እረፍት እያፈራረቁ መሥራት፣ ያሳየናል። ቀድሞ የገባ ልጅ ደግሞ ይመጣና "ሁሉንም ተውና ቦርሳ ተሸክመህ መሄድ ልመድ" ይላል።

አራቱም የሚሉት ውስጥ እውነት አለ። ግን ጊዜው ውስን ነው፣ ጉልበቱም ውስን ነው። አራቱንም እኩል ልሥራ ያለ ሰው አንዱንም ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ገና ለሚገባው፣ እና ገብቶ የጓድ መሪ ሆኖ የሌሎችን የጠዋት ስፖርት ማቀድ ለተጣለበት። የማወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ምድር ጦር ነው። ከእስራኤልም የምጠቅሰው አለ፣ እዚያም የእኛ ልጆች ያገለግላሉና። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን የጎደለን ሩጫ አይደለም። የጎደለን ከባድ ነገር ከመሬት የሚያነሳ ጉልበት እና ጭነት የለመደ ጀርባ ነው።

ሥራው ራሱ ምን ይፈልጋል?

በ2003 ጸደይ አፍጋኒስታን ውስጥ የ82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች የሚሸከሙት ነገር ዘመቻ ላይ እያሉ ተመዝኖ ነበር። ለውጊያ ብቻ የሚያስፈልገው፣ ማለትም መሣሪያ፣ ጥይት፣ ጥይት መከላከያ ሰደርያ፣ የራስ ቁርና ውሃ፣ በአማካይ 29 ኪሎ ገደማ ሆነ። ለጉዞ ቦርሳ ሲጨመርበት 46 ኪሎ ደረሰ። ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ሁኔታው ሲከፋ ደግሞ 60 ኪሎ። ያውም ተራራ ላይ።

ወታደሩ ይህን ይዞ ለሰዓታት ይራመዳል። ተኩስ ሲከፈት አምስት ስድስት ሰከንድ ይሮጣል፣ መሬት ይይዛል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይሮጣል። ጓደኛው ከቆሰለ ይጎትታል። አንድ ጎልማሳ ከነትጥቁ ከ100 ኪሎ በቀላሉ ያልፋል። እንግዲህ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ ጭኖ ረጅም መሄድ፣ አጭርና ኃይለኛ እንቅስቃሴን ደጋግሞ መቻል፣ ከባድ ነገር ማንሳትና መጎተት። በቁምጣና በስኒከር 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

የጦሩ የአካል ብቃት ፈተናም ቀስ በቀስ ወደዚሁ መጥቷል። ከ1980 ጀምሮ ለ40 ዓመት ያህል ፈተናው ፑሽአፕ፣ ሲትአፕ እና የ2 ማይል ሩጫ ነበር። ቀጭንና ፈጣን ሰው ያለ ብዙ ጣጣ ያልፈዋል። ከ2020 ጀምሮ ባለ ስድስት ክፍል ፈተና ይተካው ጀመር። በ2022 ባር ላይ ተንጠልጥሎ ጉልበትን ወደ ክርን ማምጣት ቀረና ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ገባ። ከጁን 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ኳስ ወደ ኋላ መወርወሩም ወጥቶ አምስት ክፍል ቀርቷል።

አምስቱ እነዚህ ናቸው። ሦስት ጊዜ የሚነሳ ከባድ ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት)፣ ወታደሩ መሀሉ በሚቆምበት ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት። እጅን ከመሬት እያላቀቁ የሚሠራ ፑሽአፕ። ከዚያ ጉደኛው አለ፦ 50 ሜትር አምስት ዙር፣ መጀመሪያ ሩጫ፣ ቀጥሎ 41 ኪሎ የተጫነበት ሸርተቴ መጎተት፣ በጎን መሮጥ፣ በሁለት እጅ 18፣ 18 ኪሎ ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ኳስ) ይዞ መሮጥ፣ በመጨረሻ እንደገና ሩጫ። ከዚያ ፕላንክ። መዝጊያው 2 ማይል፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል፣ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። ድምሩ ከ500 ቢያንስ 300 ነው። 21 የውጊያ ሙያዎች ላይ ግን 350 ይጠየቃል፣ መለኪያውም ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

ልብ በሉ፣ ሯጭ በሩጫው ብቻ የሚረታው ከአምስቱ አንዱን ነው።

ሩጫን ብቻ መያዝ

እኛ ጋ ወታደርና ሯጭ በአንድ ሥዕል ነው የሚታዩን። ምክንያቱም አለው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ ማሞ ወልዴም እንዲሁ። እስከ ዛሬ የመከላከያ ስፖርት ክለብ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አትሌቲክስ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ጦር ልግባ ሲል ጫማ አሥሮ አስፋልት መውጣቱ አይገርምም።

ሩጫ ጥቅም የለውም አልልም። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይመርጥም፣ ልብና ሳንባን የሚተካከለው የለም። የትንፋሽ መሠረት የሌለው ሰው ከባድ ሥራ ሠርቶ ቶሎ አያገግምም። ግን ከተወሰነ መጠን በላይ ትርፉ ይቆማል፣ ጉዳቱ ግን ይቀጥላል። በአሜሪካ የእግረኛ ጦር ምልምሎች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሁለት የሻምበል ጦሮች በ12 ሳምንት አንደኛው 130 ማይል፣ ሌላው 56 ማይል ሮጡ። መጨረሻ ላይ የ2 ማይል ሰዓታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ብዙ የሮጡት ግን በብዛት ተጎድተዋል። ይህን ያነበበ የጓድ መሪ በየጠዋቱ ሰልፍ አሰልፎ 5 ማይል ለማስሮጥ ሌላ ምክንያት ሊፈልግ ይገባል።

የሰልፍ ሩጫ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፍጥነቱ ለፈጣኑ መዝናኛ ነው፣ ለዘገምተኛው ጭንቅ ነው። ማንንም በትክክል አያሠለጥንም። ለወኔና ለዘፈኑ ሲባል አንዳንዴ ይሮጥ፣ ሥልጠና ብላችሁ ግን አትቁጠሩት።

ከአዲስ አበባ በቅርብ ለመጡ አንድ ነገር። 2,300 ሜትር ላይ የኖረ ሳንባ ሥልጠናው ወዳለበት ጆርጂያ ወይም ደቡብ ካሮላይና ሲወርድ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያግዛል። ጥቅሙ ግን ውሎ ሲያድር ይሳሳል። ሙቀቱና ወበቁ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በብርድ አገር ለምዳችሁ በበጋ የምትሄዱ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ቀን ሞቅ ሲል፣ ቀለል አድርጋችሁ ሥሩ።

ማን ይምረጠው? 2 ማይል ሳይቆም መሮጥ የማይችል ሰው። እሱ ለጊዜው ሩጫውን ያስቀድም። ሌላው በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል፦ አንዱን ቀን አጭር አጭር ፈጣን ሩጫ በእረፍት እየከፋፈለ፣ አንዱን ቀን እያወራ ሊሮጥ በሚችለው ፍጥነት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ።

ብረት

ጉልበት የሚገነባው ቀስ ብሎ ነው፣ ከመጣ በኋላ ግን ቶሎ አይከዳም። ትንፋሽ በሁለት ሦስት ሳምንት ስንፍና ይወርዳል። በዴድሊፍት የመጣ የጀርባና የታፋ ጉልበት ግን ሥልጠናው ቢቀንስም ይቆያል። ለዚህ ነው ጊዜ ያለው ሰው ብረቱን ቀድሞ ይጀምር የምለው። ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ጅማትና አጥንትም ይጠነክራል። ኋላ ቦርሳው ሲመጣ የሚጫነው እዚያ ላይ ነው።

ችግሩ ብረት የሚባለው ነገር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ክንድ የሚባለው የመስታወት ስፖርት ነው። ቲሸርት ያሳምራል። የቆሰለ ሰው ሲጎተት ግን የሚሠራው ከወገብ በታችና ጀርባ ነው። ሌላው መልክ ጥቂት ትልልቅ እንቅስቃሴ ነው፦ ዴድሊፍት፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ፑልአፕ (ባር ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ከትከሻ በላይ መግፋት፣ እና ከባድ ነገር በእጅ ይዞ መሄድ። ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሲቀል ትንሽ መጨመር። አለቀ።

ጂም የሌለው ሰው አይጨነቅ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ 50 ሜትር ስትመላለሱ ፈተናው ላይ ካለው ኬትልቤል ጥቂት የከበደ ነገር እየያዛችሁ ነው። እጀታው ጣት ይቆርጣል፣ እሱም ለእጅ የመያዝ ጉልበት ይጠቅማል። አሸዋ የተሞላ ጆንያ ከመሬት አንስቶ ትከሻ ላይ ማውጣት ከብዙ የጂም ማሽን ይሻላል፣ ምክንያቱም እንደ ሰው ይለፈሰፋል፣ ለመያዝ አይመችም።

"ብረትና ሩጫ አይስማሙም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ከየት መጣ ካላችሁ፣ በ1980 የወጣ፣ ሂክሰን የሚባል ተመራማሪ ጥናት ነው ዋናው። ለ10 ሳምንት ሁለቱንም አብዝተው የሠሩ ሰዎች ጉልበታቸው መጀመሪያ ጨመረ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ቆመ፣ እንዲያውም ወረደ። ትምህርቱ አብራችሁ አትሥሩ አይደለም። ሁለቱንም እስከ ጥግ አትሥሩ ነው። ከባዱን ብረትና ከባዱን ሩጫ በተለያየ ቀን ማድረግ፣ ካልተቻለም በመሀላቸው ሰዓታት ማስገባት ብዙውን ችግር ያቀልለዋል።

ብረትን ብቻ የያዘ ሰው ዴድሊፍቱን 100 ነጥብ ይዞ ሩጫው ላይ ይንጠለጠላል። ገዝፎም ከሆነ ራሱ ጭነት ይሆናል። ስለዚህ ቀጭን ሆኖ በደንብ ለሚሮጥ ብረት የመጀመሪያ ምርጫው ነው። አሁኑኑ ጂም የሚውለው ግን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ብረት አይደለም።

ሰርኪት

ሰዓት ላጠረው ሰው ያጓጓል። በርፒ (መሬት ወርዶ ተነሥቶ መዝለል)፣ ዝላይ፣ ፑሽአፕ፣ ኬትልቤል፣ ያለ እረፍት። ያ የ50 ሜትር ጉድ የሚፈልገውን ዓይነት ትንፋሽ በደንብ ያሠለጥናል። አብረው ሲሠሩት ደግሞ መንፈስ ያነቃቃል። ይህን አልክድም።

ግን እንደ ዋና መንገድ አልመክረውም። ከባድ እንቅስቃሴ በደከመ ሰውነት በጥድፊያ ሲሠራ አቋም ይበላሻል፣ ወገብ የሚቀጨውም ያኔ ነው። ምን ያህል እንደተሻሻላችሁም አይታወቅም፣ ምክንያቱም በየቀኑ ሌላ ነገር ነው፣ በየቀኑም እኩል ያደክማል። በ2011 የአሜሪካ ጦር የጤና ባለሙያዎችና የስፖርት ሐኪሞች ማኅበር በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ስለዚህ ዓይነት ስፖርት አስጠንቅቀው ነበር። ዋናው ስጋታቸው ጡንቻ ከመጠን በላይ ተጎድቶ ይዘቱ ወደ ደም ሲፈስና ኩላሊትን ሲያውክ የሚመጣው ሕመም ነው። ምልክቱ ከባድ የጡንቻ ሕመምና እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህን ያየ ሰው "ያልፍልኛል" ብሎ አይተኛ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በብዛት የሚያገኘው ደግሞ ከረጅም እረፍት በኋላ በአንድ ቀን ጀግና ልሁን የሚለውን ነው።

በጦሩ ቤት የሰርኪት ዘመድ የሆነ ሌላ ነገር አለ፣ የቅጣት ስፖርት። ሳጅኑ ሲቆጣ ምልምሉ እስኪወድቅ ይሠራል። ያ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው፣ የራሱ ቦታ አለው። ከሥልጠና ዕቅድ ጋር ሲቀላቀል ግን ዕቅዱ ይጠፋል። የጓድ መሪ የሆናችሁ፣ ወታደሮቻችሁ ጠዋት ያስመለሱበትን ቀን "ጥሩ ስፖርት" ብላችሁ አትመዝግቡት።

በሳምንት አንድ ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ክብደቱ ቀላል ሆኖ። ለሰርኪት ከዚህ በላይ አልሰጥም።

ጭነት

ራክ ይሉታል ወታደሮቹ። ቦርሳ ተሸክሞ መሄድ። ከአራቱ ሥራውን ራሱን የሚመስለው ይህ ብቻ ነው። እግር፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ የእግር ጣት ሳይቀር ሌላ ምንም ነገር የማያስተምራቸውን ይማራሉ። በጣም የሚጎዳውም ይኸው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ።

በመጀመሪያ፣ በየቀኑ አያስፈልግም። በአንድ የእግረኛ ጦር ላይ በተደረገ ጥናት በወር ሁለት ጊዜ ጭነው የተጓዙት እና በወር አራት ጊዜ የተጓዙት መጨረሻ ላይ ፍጥነታቸው ተመሳሳይ ነበር። ሁለቱም በወር አንዴ ከሄዱትና ጨርሶ ካልሄዱት ይበልጡ ነበር። እንግዲህ ከሳምንት አንድ ቀን በላይ የሚሠራ ሰው በጥቅም ሳይሆን በእልህ ነው የሚሠራው።

መጠኑስ? ጀማሪ ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይጫን፣ 5 ኪሎ ሜትር ይሂድ። 70 ኪሎ የሆነ ሰው 14 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ርቀት፣ ክብደት ወይም ፍጥነት ይጨምራል፣ በአንድ ጊዜ ግን አንዱን ብቻ። ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ የጨመረ ሰው ሰኞ ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። የት ለመድረስ? የአሜሪካ እግረኛ ወታደር የብቃት ባጅ ለማግኘት የሚጠየቀው 12 ማይል፣ ማለትም 19.3 ኪሎ ሜትር፣ 16 ኪሎ ገደማ ቦርሳ ይዞ ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። በኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ይህ ፈጣን እርምጃ ነው። ብዙ ሰው የሚያሟላው ቁልቁለት ላይ እየሮጠ ነው። በልምምድ ግን ጭናችሁ አትሩጡ። ሩጫውን ለፈተናው ቀን አስቀምጡት፣ ያውም ካስፈለገ። በልምምድ የሚፈለገው ረዘም ያለ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ የሚነሳ እርምጃ ነው።

አጫጫኑም ዕውቀት ይፈልጋል። ከባዱ ዕቃ ከላይና ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ። ታች ከወረደ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሰውየውም አንገቱን አስግጎ ይሄዳል። የወገብ ቀበቶውን አጥብቁት፣ ዳሌ ከትከሻ የተሻለ ተሸካሚ ነው። ክንድ ከደነዘዘ ወይም እጅ ከከዳ ማንገቻው ነርቭ እየተጫነ ነው። ቆም ብሎ ማስተካከል እንጂ "እችለዋለሁ" አይሠራም። ከስክሱ ደግሞ በደንብ የተለመደ ይሁን። አዲስ ከስክስ አድርጎ 10 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ተረከዙ ውሃ ይቋጥራል፣ ሳምንቱም ይበላሻል። ካልሲው ጥጥ አይሁን። መለወጫ ይያዝ፣ እግር ከራሰ ይቀየር።

ትልቁ ጠላት የአጥንት ስንጥቅ ነው። በአንድ ቀን ስብራት አይመጣም። አጥንት በየቀኑ ጥቂት ይጎዳል፣ ማታ ሲተኙ ይጠገናል። ጉዳቱ ጥገናውን ሲቀድም ቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ አጥንት ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ የእስራኤል ጦር ያየው ነገር ያስደንቀኛል። ለ25 ዓመት ያህል ጫማ፣ ሶል፣ ሌላም ብዙ ነገር ሲሞክሩ ኖሩ። በመጨረሻ በምርጥ እግረኛ ክፍሎች ምልምሎች ላይ ለውጥ ያመጣው ሁለት ተራ ነገር ሆነ፦ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት እንቅልፍ፣ እና የጉዞ መጠንን መቀነስ። የአጥንት ስንጥቁ ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። እዚያ ለቤሬት ጉዞው፣ ማለትም የክፍሉን ቆብ ለማግኘት ለሚደረገው ረጅም ጉዞ፣ የምትዘጋጁ ልጆች ይህን ልብ በሉ። ሌሊቱን በስልክ አንግታችሁ ጠዋት ቦርሳ የምትጭኑ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ተዉ።

እህቶች ላይ ይህ ጉዳይ ይብሳል። ቦርሳው ለሁሉም አንድ ነው፣ 55 ኪሎ የሆነች ሴት ግን ከሰውነቷ ክብደት አንጻር ከ80 ኪሎ ወንድ የበለጠ ተሸከመች ማለት ነው። በ2008 የወጣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴት ምልምሎች ላይ የተሠራ ጥናት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የወሰዱት የአጥንት ስንጥቃቸው በ20 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝቶታል። ጠቆር ያለ ቆዳ በብርድ አገር ከፀሐይ የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ ትንሽ ነው። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም የምትኖሩ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በደም ምርመራ አስዩት። ብረት ማዕድኑንም አብራችሁ። እንጀራ ስለበላሁ አይጎድለኝም ማለት አይቻልም።

ቅልቅሉ

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በ2012 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ የደረሰበትም እዚሁ ነው። ጭኖ የመሄድ ብቃትን በደንብ የሚያሳድገው ብረትና ሩጫ ተጣምረው፣ ጭነት ሲጨመርባቸው ነው።

ሳምንቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ብረት፣ ስኳትና ፑልአፕ። ማክሰኞ አጫጭር ፈጣን ሩጫ። ረቡዕ እረፍት፣ ወይም ቀለል ያለ የእግር ጉዞ። ሐሙስ ዴድሊፍት፣ ከዚያ ጀሪካን፣ ከዚያ ፕላንክ። ዓርብ ለስላሳ ሩጫ፣ ወይም በፈንታው ያቺ 15 ደቂቃ ሰርኪት። ቅዳሜ ጭነት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቡና፣ እንቅልፍ። ከባዱ ዴድሊፍትና ቦርሳው ቀን ለቀን እንዳይገጥሙ ሆን ብዬ ነው ያራራቅኋቸው፣ ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ወገብ ነው።

ሳምንቶቹ ስንት ቀሩ የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ወር ብረቱ ላይ ያተኩር፣ ቦርሳውን ቀለል አድርጎ ያስተዋውቅ፣ ኋላ ሩጫውንና ጭነቱን ያሳድግ። 6 ሳምንት የቀረው ከላይ ያለውን ሳምንት እንዳለ ይያዝ፣ የሚያንሰው ላይ አንድ ቀን ይጨምር። 3 ሳምንት ብቻ ከቀረ ግን ጉልበት አይገነባም። የዴድሊፍት አነሳስ በቀላል ክብደት ይማር፣ በከስክስ ይራመድ፣ ቀለል ያለ ሩጫ ይሩጥ፣ እንቅልፉን ያስተካክል። በ3 ሳምንት የ3 ወር ሥራ ልሥራ የሚል ሰው ተጎድቶ ነው የሚሄደው።

ክብደታችሁ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ጦሩ ከ2022 ጀምሮ ደቡብ ካሮላይና ባለው የፎርት ጃክሰን ሰፈሩ ለዚሁ የሚሆን የቅድመ ዝግጅት ኮርስ ከፍቷል፣ እስከ 90 ቀን የሚቆይ። መመልመያ ቢሮ ስትሄዱ ጠይቁ። የምትመርጡት ሙያም ዕቅዱን ይለውጠዋል። እግረኛ ልሁን የሚል የ22 ሳምንት ሥልጠና ይጠብቀዋል፣ ጭነቱ ዋናው ነው። ኮምፒዩተር ላይ የሚመደብ 10 ሳምንቱን መሠረታዊ ሥልጠና አልፎ ለፈተናው መብቃት ነው የሚያሳስበው፣ ቦርሳውን በወር ሁለት ቀን ማድረግ ይችላል።

የጓድ መሪ ከሆናችሁ

የናንተ ችግር ሌላ ነው። ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ዘጠኝ ሰው፣ ምናልባት ሁለት ብረት። ሁሉንም አንድ ላይ ማሠራት አይቻልም፣ አይጠቅምምም። በችሎታ ከፍሏቸው፦ ሩጫ ላይ ፈጣኖቹ ለብቻ፣ ዘገምተኞቹ ለብቻ። ብረት ላይ በጣቢያ አዙሯቸው፣ ሦስቱ ዴድሊፍት ሲያነሱ ሦስቱ ይጎትታሉ፣ ሦስቱ ፕላንክ ላይ ናቸው። ከእረፍት ቀን ማግስት ከባዱን አድርጉት። የሌሊት ልምምድ ከነበረ ጠዋቱን ሰርዙ። አለቃ ሊያጉረመርም ይችላል፣ ግን ከ2020 ወዲህ የጦሩ የራሱ መመሪያ እንቅልፍንና አመጋገብን ከአካል ብቃት እኩል ያስቀመጠ ስለሆነ የምትጠቅሱት አላችሁ።

ሙቀት ላይ አትቀልዱ። የሙቀቱን መጠን ለማሳወቅ የሚሰቀለውን ባንዲራ ቀለም እዩ፣ ጥቁር ከሆነ ከባድ ስፖርት አይሠራም። ውሃ በሰዓት ከ1.4 ሊትር በላይ አታጠጡ። ውሃ አብዝቶ የደሙ ጨው የቀጠነ ወታደርም ወድቆ ያውቃል።

ጾም የያዘ ሰው

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የመሄጃ ቀንም አይመርጥም። ያለ ሥጋና ወተት ጉልበት መገንባት ይቻላል፣ ግን ሳያስቡበት አይሆንም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝ በየማዕዱ ይግቡ። ጎመን ብቻ በእንጀራ በልቶ ዴድሊፍት የለም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ሥራ ከምግብ በኋላ አመሻሽ ላይ ያድርግ፣ ጠዋት ቀላሉን። ረመዳን የሚጾም ደግሞ ብረቱን ከአፍጥር በኋላ፣ ለስላሳ እርምጃውን ከአፍጥር በፊት ቢያደርግ ይሻለዋል። ጭነቱን በዚያ ወር ያቅልለው፣ ውሃ ሳይጠጡ ሁለት ሰዓት ቦርሳ መሸከም ጤና አይደለም።

ከገባችሁ በኋላ የጦሩን የሃይማኖት አገልጋይ፣ ቻፕሊን የሚሉትን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አናግሩ። የታሸገው የመስክ ምግብ ሥጋ የሌለበት ዓይነት አለው። ግን ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ዐይብ አለበት። ማሸጊያውን አንብቡ።

የመጨረሻው ከባድ ጭነት ከመሄጃ ቀናችሁ ቢያንስ 7 ቀን ይቅደም። በዚያ ሳምንት ሥራውን በግማሽ ቀንሱ፣ አዲስ ጫማ አታድርጉ፣ የስንብት ግብዣው ላይ ኳስ አትጫወቱ። በወለምታ ቀኑ የሚራዘምበት ልጅ አይጠፋም።